እርጎ ቤት የት ነው?

ሐሙስ ዕለት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት ሰዎች ቢሮአችን ገብተው ስሜን ጠሩ። እጄን አነሳሁ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁም ስሜ ሲጠራ «አቤት» ማለት ያሳፍረኝ ስለነበር የማነሳው እጄን ብቻ ነበር። አንደኛው ሰውዬ ጓደኛውን አየና ፈገግ አለ።

«እጅሽን አውርጂው» አለኝ። «ተነሺ፣ እንሂድ።»

የምሠራው አሰላ ከተማ ውስጥ፣ መሬት የሚመዘገብበት አንድ ቢሮ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከገጠር የሚመጡ ቅጾችን ኮምፒውተር ላይ እገለብጣለሁ፦ የማሳ ቁጥር፣ የባለይዞታ ስም፣ ስፋት፣ የሚዘራበት እህል። ከሰው ጋር ብዙ የማያነጋግር ሥራ ስለሆነ እወደው ነበር። ስነሳ ጠረጴዛዬ ላይ ያልተነካ ሻይ ነበር። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ብርጭቆውን በወረቀት ከደነችልኝ። እስክመለስ እንዳይቀዘቅዝ ብላ ነው።

መኪናው ውስጥ አንደኛው ሰማያዊ ደብተሬን ከጃኬቱ አወጣ። «ያንቺ ነው?»

ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው። እሁድ ዕለት ባጃጅ ውስጥ ረስቼው ከዚያ ወዲህ ስፈልገው ነበር። «አዎ፣ የኔ ነው! የት አገኛችሁት?» አልኳቸው። በዚያን ዕለት ለያዙኝ ሰዎች ሳልጠየቅ የተናገርኩት ይህን ብቻ ነው።

ደብተሩ የጨዋታ ደብተር ነበር። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ አራት ጓደኛሞች ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጀርባ እንሰበሰባለን። ጠረጴዛ፣ እርሳስ፣ ወረቀትና ዳይስ ይበቃናል። አጫዋቿ እኔ ነኝ። እኔ «በሩ ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ የሚሞቅ አየር ይወጣል» እላለሁ፤ ሌሎቹ እንግባ አንግባ ይከራከራሉ፤ ከገቡ በኋላ የሚደርስባቸውን ዳይሱ ይወስናል። ራሳችንን ለማስፈራራት የምንጫወተው ጨዋታ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው ከዚህ ዓለም ውጭ ባሉ ቦታዎች ነው፤ ቦታ ደግሞ ስም ይፈልጋል። ሰው ፊት ምላሴ የሚተሳሰረው እኔ፣ ሳልንተባተብ የማወራው እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ብቻ ነበር።

ስም አሰጣጣችን ሕግ ነበረው። ቦታውን የሚሰይመው መጀመሪያ የገባበት ሰው ነው። «ሞት»፣ «ደም»፣ «ሰይጣን» እና «ጨለማ» የሚሉ ቃላት ደግሞ ክልክል ናቸው። የሚያስፈራ ቃል ማንንም አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ቤት ውስጥ በየቀኑ የምንጠራው ቃል ነው ብለን ተስማምተን ነበር። እናም እርጎ ቤት፣ ያልተነጠፈ አልጋ፣ ሰባተኛው ጓሮ፣ እንግዳ ማቆያ፣ የጥርስ ማስቀመጫ፣ እርጥብ ሰፈር የሚባሉ ስድስት ቦታዎች ነበሩን። ሰባተኛው ቦታ ካርታው ላይ ባዶ ክብ ነበር፤ ገና ማንም አልገባበትም። በእነዚህ ስሞች እኮራ ነበር። አስፈሪ የምላቸው ስሞች እነዚህ ነበሩ።

የክፍሉ በር ሲከፈት አስቀድሞ የመጣው ሽታው ነው። ሽንት ብቻ ቢሆን ሽንት ነው ይባላል። እርጥብ ብርድ ልብስ ነበረበት፣ ሳይታጠብ የከረመ ፀጉር ነበረበት፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ ጣፋጭ የሆነ፣ የበሰበሰ ፍራፍሬ የሚመስል ነገር ነበረበት። በአፌ ስተነፍስ ምላሴ ላይ አረፈ። ግድግዳው እስከ ትከሻዬ ድረስ ያብረቀርቃል፤ ቀለም መስሎኝ ነበር፤ ስንት ሰው ተደግፎት የለሰለሰ የገላ ቅባት ነው። ጥግ ላይ ከተሰጠኝ ብርድ ልብስ ስፌት ውስጥ ሩዝ የሚመስል ነጭ ነገር ተደርድሯል። ሩዝ አልነበረም።

እኔ ቤቴ ውስጥ ብርጭቆ ሦስት ጊዜ ሳላጥብ የማልጠጣ ሰው ነኝ።

አሥራ አንድ ሴቶች ነበሩ። ከመካከላቸው ቀጠን ያለችው፣ የዴራ ልጅ፣ አስተናጋጅ የነበረች፣ ስልኳ ውስጥ በተገኘ ዘፈን ምክንያት የታሰረች፣ እንደ ቤት ባለቤት ተነስታ ተቀበለችኝ።

«እንኳን ደህና መጣሽ። አገር ላሳይሽ» አለች። ውሃ የሚያንጠባጥበውን ጥግ አመለከተችኝ። «ይኼ የጭላሎ ተራራ ነው። እዚህ የሚተኛ ሰው ሁለት ሹራብ ይልበስ።» በሩ ሥር ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የምትገባበትን አንድ ክንድ የምታህል ደረቅ ቦታ አሳየችኝ። «ይኼ ዴራ ነው፤ አገሬ። በተራ ነው የሚሞቀው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጥግ ወደተቀመጠው፣ አፉ ተቆርጦ በካርቶን ወደተከደነው ቢጫ ጀሪካን ዞረች። «እሳቸው ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ናቸው። ሁልጊዜ ቢሮ አሉ፤ ያለ ቀጠሮ ያስተናግዳሉ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ አፌን ብከፍት የሚያስመልሰኝ መስሎኝ ነበር።

«ነገ ጠዋት ሥራ አስኪያጁን ተሸክመሽ የምታወጪው አንቺ ነሽ» አለችኝ። «አዲስ የገባች ናት የምታወጣው። ሕግ ነው።»

ከግድግዳው ሥር የተቀመጡ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው ሴት፣ የአቦምሳ እህል ነጋዴ፣ ቀና ብለው አዩኝ። ሁላቸውም «እማማ» ነው የሚሏቸው። «ተያት፣ ትተንፍስ መጀመሪያ» አሉ፤ ከዚያ ለእኔ፣ «ኢንተለ ኮ፣ በአፍሽ አትተንፍሺ። በአፍንጫሽ ተንፍሺ። አፍንጫ ይለምዳል፤ አፍ አይለምድም» አሉኝ። በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው።

ምክራቸውን ሰማሁ። እውነት ነበር። አፍንጫዬ ከምሳ ሰዓት በፊት ለመደ፤ መልመዱ ከሽታው በላይ አስጠላኝ።

ሰባት ሰዓት ላይ ተጠራሁ። የመርማሪው ቢሮ ንጹሕ ነበር፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። እዚያ ስገባ ሳላስበው አየሩን በረጅሙ ሳብኩ። ወዲያው አፈርኩ። ሰውዬው አርባ ዓመት ገደማ ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጥፍሩ የተቆረጠ። ከፊቱ በሰሃን አራት ቅቅል እንቁላልና ሚጥሚጣ ነበር። ሰማያዊ ደብተሬን ዘርግቶ እንቁላሉን የሚልጠው እላዩ ላይ ነው።

«ቁጭ በይ፣ እህቴ። በልተሻል?»

«አዎ» አልኩ። አልበላሁም ነበር።

ጣቱን ልሶ ገጹን ገለጠ። ሚጥሚጣ ያለበትን ጣት ይልሳል፣ ይገልጣል፣ እንደገና ይልሳል። እያንዳንዱ ገጽ ጥግ ላይ ቀይና እርጥብ ምልክት ቀረ። በዚያ ደብተር ላይ እኔ ሻይ እንኳ አስቀምጬ አላውቅም።

«እርጎ ቤት» ብሎ አነበበ። «እርጎ ቤት የት ነው?»

«የትም አይደለም።»

«እዚህ ተጽፏል እኮ።»

«የፈጠርነው ነው። ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታ።» እንቁላሉን ለሁለት ገመሰው። «እሺ፣ አጫውቺኝ። እርጎ ቤት ውስጥ ምን አለ?»

ለጓደኞቼ ስናገር የማይንቀጠቀጥ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። «ወተት ይቀመጣል። ግን ወተቱ አይረጋም። የሚረጋው እዚያ ያደረው ሰው ነው።»

ማኘኩን አቆመ። «ሰውዬው ይረጋል?»

«አዎ።»

«ከዚያስ?»

«ይናጣል።»

የእንቁላሉን ግማሽ ሰሃኑ ላይ መለሰው። ቀና ብሎ አየኝ። «እንዲህ ያለ ነገር የምታስቢ ልጅ ነሽ?» አለኝ። ፊቱ ላይ ያየሁት መጸየፍ ነበር። እሱ፣ የዚያን ክፍል ቁልፍ የያዘ ሰው፣ እኔን ተጸየፈኝ።

ከዚያ ከደብተሩ ውስጥ የታጠፈውን ካርታ አወጣና መስኮቱ ላይ ለጠፈው። ያን ጊዜ ነው የሠራሁትን ያየሁት።

እኛ ቢሮ አንድ ፊቱ ነጭ የሆነ ወረቀት አይጣልም። ተበላሽቶ የታተመ ሁሉ ማተሚያው ሥር ይከመራል፤ ማስታወሻ የፈለገ፣ ልጁ የምትስልበት የፈለገ፣ ከዚያ ያነሳል። እኔም የእነዚያን የሌሉ ቦታዎች ካርታ የሣልኩት ከዚያ ባነሳሁት ወረቀት ላይ ነበር። ጀርባውን አላየሁትም። ብርሃን ሲያልፍበት ከክቦቼ ሥር የማሳ ድንበሮችና ቁጥሮች ብቅ አሉ። የማሳ ልኬት ነበር። እርጎ ቤት ያልነው ክብ ከሲሬ በላይ በደጋው በኩል ባለ አንድ ማሳ ላይ በትክክል ተቀምጧል።

«ይኼንስ ፈጥራችሁት ነው?» አለኝ።

ስለ ወረቀቱ ነገርኩት። ስለ ክምሩ፣ ስለ ማተሚያው። ስናገር ለራሴም ውሸት መሰለኝ።

«ጓደኞችሽን እናውቃቸዋለን» አለ። «ልጆች ናችሁ፤ ተጫወቱ። እኔ የምፈልገው እርጎ ቤት ያላችሁትን ማሳ ባለይዞታ፣ ሽማግሌውን ነው። ማሳውን ብቻ ሳይሆን ሰውዬውንም እናውቀዋለን።» ጣቱን ባዶው ክብ ላይ አሳረፈ። «ይኼኛው ግን ስም የለውም።»

«ገና አልገባንበትም።»

«ስም የሚሰጠው የገባበት ነው?»

«አዎ።»

ፈገግ አለ። ቀይ እስክሪብቶ አነሳና ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፣ እንደ ተማሪ ተጠንቅቆ፣ ክቡ ውስጥ «የሞት ሸለቆ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ራቅ አድርጎ አየው። ደስ ብሎታል። «እንዴት ነው?» አለኝ።

እስካሁን ሳስታውሰው የሚያስጠላኝ ያ ነው። እንቁላሉም አይደለም፣ ጣቱም አይደለም። እኔን አስሮኝ ጨዋታዬን ሊጫወት መፈለጉ ነው። «ጥሩ ነው» እንድለው ጠበቀ። 

ወረቀት ሰጠኝ። ሦስት ዓምድ ተሰምሮበታል፦ ቦታው፣ ባለቤቱ፣ የሚደረግበት። በመጀመሪያው ዓምድ ሰባቱ ስሞች በእጁ ተጽፈዋል። በሁለተኛው ዓምድ ከእርጎ ቤት ጎን የሽማግሌው ሙሉ ስም ከነአያቱ ተጽፏል። ሦስተኛው ባዶ ነው።

«ሌላውን ብትተዪውም ግድ የለኝም» አለ። «የመጀመሪያውን መስመር ብቻ በራስሽ እጅ ሙዪልኝ። ‹ስብሰባ› በይ፣ ፈርሚ፤ ነገ ከምሳ በፊት ቤትሽ ነሽ። ካልሆነ ግን ሥራ ይበዛብኛል፤ አንቺም ትቆያለሽ። ጠዋት ይዘሽልኝ ነይ።»

ስመለስ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ሲያዩ የዴራዋ ልጅ ተራዋን ለቀቀችልኝ። «እዚህ ተቀመጪ፣ ብርሃን አለ» አለች። ደረቁ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ጉልበቴ ላይ አረፈች።

«አንብቢልን» አለችኝ።

ዝቅ ባለ ድምፅ አነበብኩ። ያልተነጠፈ አልጋ ስል ሳቀች። «ይኼማ የኔ ቤት ነው።» እንግዳ ማቆያ ስል ደግሞ፣ «ይኼ የምሠራበት ሆቴል። አሳላፊዋን ሳይጠይቁ ነው የጻፉት።» የጨዋታውን ነገር ሳስረዳቸው ግን ሳቋን አቁማ ቀረብ አለችኝ።

«ቆይ፣ አንቺ ደመወዝ አለሽ?»

«አዎ።»

«መብራት ያለው ቤት አለሽ?»

«አዎ።»

«እና እሁድ ቁጭ ብለሽ ራስሽን ታስፈራሪያለሽ?»

«አዎ።»

«እኛን ብትጠሪን በነፃ እናስፈራሽ ነበር!»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ትንሽ ሳቅኩ። እማማ ግን አልሳቁም። ስለ እርጎ ቤት የተናገርኩት አልለቀቃቸውም ነበር።

«ወተት ላይ እንዲህ አይወራም» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረውም። «እኛ ዘንድ ወተት የፈሰሰበትን ቦታ እንኳ አንረግጥም። አንቺ ሰው እንደ ወተት ታረጊበታለሽ። ምን ነካሽ፣ ልጄ?»

ለጓደኞቼ ይህን ታሪክ የነገርኳቸው ዕለት አጨብጭበውልኝ ነበር። ዙሪያዬን አየሁ። አሥራ አንድ ሰው በአንድ ኩባያ የሚጠጣበት፣ ሰው ከተቀመጠበት ሳይነሳ ቀስ በቀስ የሚረጋበት ክፍል ነው። እነዚህ ሴቶች ለዚህ ሁሉ የሰጡት ስም የሚወዱት አገር ስም ነው፣ ለአስቀያሚው ነገር ደግሞ ቀልድ። እኔ ንጹሕ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ንጹሑን ነገር አቆሸሽኩት። ስሞቼ ሽታ አልነበራቸውም። ሽታ የት እንዳለ አላውቅም ነበር።

የወረቀቱን ነገር ነገርኳቸው። የመጀመሪያውን መስመር ከሞላሁ ነገ እንደምወጣ፣ ካልሞላሁ እንደምቆይ፣ ከሞላሁ ሽማግሌው እንደሚያዙ።

«ታውቂያቸዋለሽ?» አለች የዴራዋ ልጅ።

«አላውቃቸውም። ምናልባት ስማቸውን ኮምፒውተር ላይ መዝግቤው ይሆናል።»

«ታዲያ ፈርሚና ውጪ። ሽማግሌ ናቸው፤ ምን ያደርጓቸዋል? ሁለት ቀን አቆይተው ይለቋቸዋል። አንቺ እዚህ አንድ ሳምንት ብትቀመጪ ትሞቻለሽ፤ ውሃ እንኳ አልጠጣሽም።»

እውነቷን ነው፣ አልጠጣሁም ነበር። ኩባያው ሲደርሰኝ ጠርዙ ላይ ያለውን የከንፈር ቅባት አይና ለሚቀጥለው ሰው አሳልፈዋለሁ። በልቤም ሻዬን አስብ ነበር፤ በወረቀት የተከደነውን። መታጠብ አስብ ነበር። አንድ ቃል ነው። የማላውቀው ሰው ነው። ያን ከሰዓት በኋላ ከክፍሉ ሁሉ የቆሸሸው ነገር በእኔ ውስጥ ነበር፤ እስክሪብቶውን ሁለት ጊዜ ወረቀቱ ላይ አሳርፌ አነሳሁ።

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እኔም ላይ አንድ ሰው ፈርሟል» አሉ። «ልጄን ፈልገው አጡት። ከዚያ አንድ ሰው መጋዘኗ ውስጥ ከስንዴ ሌላ ነገር አለ ብሎ ፈረመ። ይኸው ሁለት ወር ሆነኝ። ማን እንደሆነ አላውቅም።» ትንሽ አሰቡ። «ክፉ ሰው አይመስለኝም። እንዳንቺ የተማረ፣ ጥሩ ልጅ ሳይሆን አይቀርም። መውጣት ፈልጎ ነው።»

 በምሬት ቢሉት ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ፣ ጨዋታ ለመቀየር ይመስል፣ ማሳው የት እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ከሲሬ በላይ? ደጋው ጋ?» ፊታቸው ፈካ አለ። «እዚያ ምን ይደረጋል ብለው ነው የጠየቁሽ? ገብስ ነዋ! ስንዴ እዚያ ውርጭ ይመታዋል። ከዚያ ሰፈር ስንት ዓመት ገብስ ገዛሁ። ጥቁር ገብስ። ቆልተሽ ስትበይው አፍሽ ውስጥ ይፈነዳል።»

የሚዘራበት እህል። በሥራዬ በየቀኑ የምሞላው ዓምድ ነው። ብርሃኑ ከጉልበቴ ወርዶ እግሬ ጫፍ ሳይደርስ ወረቀቱን ሞልቼ ጨረስኩ። ከዚያ ኩባያውን ተቀብዬ ውሃ ጠጣሁ። ሞቆ ነበር፤ የፕላስቲክና የሰው አፍ ጣዕም ነበረው። አላስመለሰኝም።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ቆየሁ። ሲለቁኝ ምክንያት አልነገሩኝም፤ ሲይዙኝም አልነገሩኝም ነበር። ደብተሩ አልተመለሰልኝም። ሥራዬም። እማማ እኔ ስወጣ እዚያው ነበሩ፤ በኋላ እንደወጡ ሰምቻለሁ፤ ልጃቸው ስለመገኘቱ አልሰማሁም። የዴራዋ ልጅ አንዴ ደውላልኝ ነበር። «ሥራ አስኪያጁ ሰላም ብለውሻል» አለችኝና ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን።

ቅቅል እንቁላል አልበላም። ሰው ጣቱን ልሶ ብር ሲቆጥር ካየሁ ፊቴን አዞራለሁ። እሁድ እሁድ ግን አሁንም እንጫወታለን። እርጎ ቤትን ከካርታችን አውጥቼዋለሁ፤ ጓደኞቼ ቅር ብሏቸው ነበር። አንድ ሕግም ጨምሬያለሁ፦ ቦታውን የሚሰይም ሰው መጀመሪያ ምን እንደሚሸት ይናገር። ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ። ዝም ሲሉ እኔም ቦታውን ባዶ እተወዋለሁ።

ባለፈው ኅዳር ወደ ሲሬ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ ያን ደጋ አየሁት። ማሳው የትኛው እንደሆነ በቁጥር እንጂ በዓይን አላውቀውም። ገብሱ ደርሷል። አንድ ሽማግሌ ማሳ ዳር ቆመው ወደ መንገዱ ያያሉ። እሳቸው ይሁኑ ሌላ ሰው አላወቅኩም። ሹፌሩን አቁምልኝ ለማለት አፍሬ አለፍኩ።

አርብ ጠዋት፣ የታሰርኩ ማግሥት፣ በሩ ሲከፈት ሥራ አስኪያጁን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። ጀሪካኑ እጀታ የለውም፤ የሚያዘው ከተቆረጠው አፉ ነው። የዴራዋ ልጅ «አትሩጪ፤ ከሮጥሽ ይዘላል» አለችኝ። አልሮጥኩም። ግቢውን አቋርጬ እስከ ጉድጓዱ ድረስ ሄድኩ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ግን ዘለለ። ሙቀቱ ጣቶቼ መካከል ገባ። ደፍቼ ስመለስ ቧንቧው ደርቋል። ጠባቂው «ውሃ እስከ ከሰዓት የለም፣ ነይ፣ ትፈለጊያለሽ» አለኝ። እጄን ከግድግዳው ጋር አሸሁት፤ ግድግዳው ከእጄ አይሻልም ነበር። ወረቀቱን ከሹራቤ ኪስ አውጥቼ ገባሁ።

መርማሪው ያንኑ የሳሙና ሽታ ይሸታል። ወረቀቱን ተቀበለኝና አነበበ። የሽማግሌውን ስም ደጋግሜ ሰርዤዋለሁ፤ ከጎኑ «ገብስ ይዘራበታል» ብያለሁ። ከሚቀጥሉት አምስቱ ጎን «የለም» ብያለሁ፣ አምስት ጊዜ። ከሰባተኛው ጎን «ይህን ስም የሰጠሁት እኔ አይደለሁም» ይላል።

 «ገብስ» አለ። ከዚያ «ፊርማሽስ?»

«ከጀርባው ነው።»

አመልካች ጣቱን እንደ ልማዱ ወደ ምላሱ አነሳ።

«ጣትዎን አይላሱ» አልኩት። ሳልጠየቅ ነው የተናገርኩት፤ ድምፄም አልተንቀጠቀጠም። «ዛሬ ጀሪካኑን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ውሃ የለም፤ እጄን አልታጠብኩም።»

ጣቱ ከአፉ ፊት ቆመ። ወረቀቱን ለቀቀው። እኔም ሁለት እጆቼን ንጹሑ ጠረጴዛ ላይ፣ በሚያያቸው ቦታ፣ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው።